ስሟ እንዲገለጽ ያልፈለገች

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለን አንድ መምህራችን አራት ገጽ ፎቶ ኮፒ አደሉን። አናቱ ላይ ‹‹የጋዜጠኝነት መሠረታዊ ቃላት›› የሚል ርዕስ አለው፤ ከሥሩ ሊድ፣ ባይላይን፣ ዴድላይን፣ ስኩፕ፣ ከለር፣ ኦፍ ዘ ሪከርድ እያለ በእንግሊዝኛ ይወርዳል። እያንዳንዱ ቃል ከጎኑ የአንድ መስመር ትርጉም አለው። ለፈተና ሸመደድነው። ፈተናው ላይ የመጣው አሥሩ ብቻ ነው፤ የቀረው የመጣብን ከተመረቅን በኋላ ነው።

እኛ ስንል ሦስት ነን። አንድ ዶርም የኖርን፣ በአንድ ቀን ጋዋን የለበስን፣ ተራ በተራ አንድ ጋዜጣ ላይ የተቀጠርን ሦስት ሴቶች። ከታች የምናወራውን ጥፋት የሠራችው ከሦስታችን አንዷ ናት። የትኛዋ እንደሆነች አንናገርም። በሙያው ቋንቋ ‹‹ስሟ እንዲገለጽ ያልፈለገች ምንጭ›› በሏት። ቀልድ ይመስላል፤ አለመሆኑን ወደ መጨረሻው ታዩታላችሁ።

ሳንቲምና መዝገብ

ከቀላሉ እንጀምር። ‹‹ጋዜጣ›› የሚለው ቃል የመጣው ከቬኒስ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የቬኒስ ሰዎች የወሬ ወረቀት የሚገዙበት አነስተኛ ሳንቲም ‹‹ጋዜታ›› ይባል ነበር፤ ስሙ ከሳንቲሙ ወደ ወረቀቱ ተሻገረ ይባላል። እንግዲህ ጋዜጠኛ ማለት ሲተነተን ‹‹ባለ ሳንቲሙ›› መሆኑ ነው። የወር ደመወዛችንን የሚያውቅ ሰው ቃሉ ከ500 ዓመት በኋላም ትርጉሙን አልሳተም ይላል።

‹‹ዘገባ›› ግን የራሳችን ነው። ግዕዙ ‹‹ዘገበ›› ማለት አከማቸ፣ ሀብት አኖረ ነው። መዝገብም፣ መዝገበ ቃላትም የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው። ስለዚህ ዘጋቢ ማለት ወሬ የሚያመላልስ ሰው አይደለም፤ የሰው ነገር ተቀብሎ የሚያስቀምጥ፣ አደራ ያለበት ሰው ነው። ይህን ማንም አላስተማረንም። ፎቶ ኮፒው ላይ ‹‹ሪፖርተር›› ነበር የሚለው። ዘግይተን መዝገበ ቃላት ስናገላብጥ አገኘነው፤ መዝገበ ቃላቱን ያገላበጥንበትን ምክንያት ወደኋላ እንነግራችኋለን።

‹‹ሰበር ዜና›› ደግሞ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው። የአንዳችን አያት ቴሌቪዥኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ባዩ ቁጥር ‹‹ደግሞ ምን ሰበሩ?›› ይላሉ። ዛሬ ቴሌግራም ላይ በየአሥር ደቂቃው ‹‹ሰበር›› ይባላል፤ ከፍተን ስናየው የትናንት ስብሰባ ነው። ለነገሩ አያትየው ትክክል ናቸው። እንዲህ ሌት ተቀን ሲደጋገም የሚሰበር ነገር ካለ የቃሉ አቅም ነው።

ማን ያሳስባል፣ ማን ያማርራል

ሊድ ማለት የዜናው የመጀመሪያ አንቀጽ ነው። የተገለበጠ ፒራሚድ በሚሉት አጻጻፍ ዋናው ነገር ከላይ ይቀመጣል፤ ቦታ ካነሰ አዘጋጁ ከግርጌ ይቆርጣል። ሊዱ አምስት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት፦ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን። ‹‹እንዴት›› ስድስተኛ ሆኖ ይከተላል። በእንግሊዝኛ አምስቱም በአንድ ፊደል ስለሚጀምሩ ለመሸምደድ ይመቻሉ። ወደ አማርኛ ሲመጡ ማን፣ ምን እና መቼ በ‹‹መ›› ቤት ሲቀሩ የት እና ለምን ቤታቸውን ለቀው ይወጣሉ። ዜና ክፍል ገብተን ያየነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ማን እንደተናገረ፣ ምን እንዳለ፣ መቼና የትኛው ሆቴል አዳራሽ እንደሆነ ሁሌም ይጻፋል። ‹‹ለምን›› ግን ከቤት እንደወጣች ቀርታለች።

ስለ ‹‹አለ›› ደግሞ እንንገራችሁ። መምህሮቻችን ‹‹ከሁሉ የሚሻለው ግስ ‹አለ› ነው፤ አያዳላም›› ይሉን ነበር። የዜና አማርኛ ግን የራሱ ሹመት አለው። ሚኒስትር ያሳስባል፣ ዳይሬክተር ያስገነዝባል፣ ፖሊስ ያስታውቃል፣ ምሁር ይተነትናል። ነዋሪ ያማርራል፣ ነጋዴ ቅሬታ ያቀርባል፣ ወጣት ይጠይቃል። አንድ ነዋሪ ሚኒስትርን ሲያስገነዝብ የሚያሳይ ዜና እስከ ዛሬ ጽፈን አናውቅም። አክብሮቱም እንደዚሁ ነው። ባለሥልጣኑ ‹‹እሳቸው›› ናቸው፣ ጉልት የምትሸጠዋ እናት ‹‹እሷ›› ናት፤ እድሜዋ የባለሥልጣኑን እናት ቢያህልም እንኳ። ትናንት ‹‹እሳቸው›› የነበረ ሰው በተጠረጠረ ማግስት ‹‹እሱ›› ሲሆንም አይተናል፤ ፍርድ ቤቱ ገና ፋይሉን ሳይከፍት እኛ አንቱታውን ነጥቀን ጨርሰናል።

ከሁሉም የሚብሰው ‹‹ተገለጸ›› ነው። ‹‹የሥራው 80 በመቶ መጠናቀቁ ተገለጸ።›› ማን ገለጸው? ለማን? ማን ለካው? ‹‹ተገለጸ›› ባለቤት የለውም። ቁጥሩ ውሸት ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቅ ሰው የለም። ለትልልቆቹ ሰዎች የተሠራ ምቹ መደበቂያ ነው። ለትንንሾቹ ሰዎች መደበቂያ ሲያስፈልግ እንዴት እንደሆንን አሁን እንነግራችኋለን።

ምንጭ

ፎቶ ኮፒው ላይ ምንጭን የሚመለከቱ አራት ደረጃዎች ነበሩ። ኦን ዘ ሪከርድ ማለት የተነገረው ከነስሙ ይጻፋል ማለት ነው። ባክግራውንድ ማለት ንግግሩ ይጻፋል፣ ስም ግን አይጻፍም፤ ሰውየው ምን ተብሎ እንደሚጠራ ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው ይስማማሉ። ዲፕ ባክግራውንድ ሲሆን መረጃው ይወጣል እንጂ ለማንም አይሰጥም። ኦፍ ዘ ሪከርድ የተባለ ነገር ጭራሽ አይጻፍም። ስምምነቱ ከንግግሩ በፊት እንጂ በኋላ አይደረግም።

ይህን ስንማር ምሳሌያችን ዋተርጌት ነበር። የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጠኞች ቦብ ውድዋርድና ካርል በርንስቲን ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲጠቀሙበት የነበረው ስውር ምንጭ የኤፍ.ቢ.አይ. ሁለተኛ ሰው የነበረው ማርክ ፌልት መሆኑ የታወቀው በ2005 እ.ኤ.አ. ራሱ ‹‹እኔ ነኝ›› ሲል ነው። ከ30 ዓመት በላይ ጋዜጠኞቹ አልተነፈሱም። ክፍል ውስጥ አጨበጨብን። ያኔ ልብ ያላልነው ነገር ቢኖር ያ ሰውዬ ከጋዜጠኞቹ እኩል፣ ምናልባትም በላይ፣ ደንቡን የሚያውቅ ሰው መሆኑን ነው። እኛ ደንቡን ከማያውቁ ሰዎች ጋር ነው የምንሠራው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከከተማው ዳር ያለ አንድ ፋብሪካ የማታ ፈረቃ ሠራተኞቹን ቤታቸው የሚያደርሰውን ሰርቪስ አቆመ። ሴቶቹ በጨለማ በእግራቸው መግባት ጀመሩ። ለሰርቪስ ተብሎ ከደመወዝ የሚቆረጠው ገንዘብ ግን አልቆመም። ይህን የነገሩን መጋዘን የሚሠሩ አንዲት እናት ናቸው። እትዬ ነው የምንላቸው። የደመወዝ ወረቀታቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው አሳዩን። የተቆረጠው በቁጥር ተጽፏል።

‹‹ስሜን እንዳትጽፉብኝ እንጂ ሌላውን ጻፉ፤ እውነት ነው›› አሉን።

‹‹እሺ እትዬ፣ አይዞዎት፣ ስምዎ አይወጣም›› አልናቸው።

በቃ፤ ስምምነቱ ይሄ ነበር። እሳቸው ‹‹እንዳይታወቅብኝ›› ማለታቸው ነው። እኛ የሰማነው ‹‹ስም አይጻፍ›› የሚለውን ብቻ ነው። ‹‹ምን ተብለው ይጠሩ?›› ብለን አልጠየቅናቸውም፤ ፎቶ ኮፒው ላይ የነበረች ግማሽ መስመር ናት።

ዘገባውን ሐሙስ አመሻሽ ላይ አስረከብን። ኤዲተራችን አነበበና ‹‹ጥሩ ነው፣ ግን ከለር አንሶታል›› አለን። ከለር ማለት አንባቢው ሰውየውን በዓይኑ እንዲያየው የሚያደርግ ዝርዝር ነው። ተመልሰን ተቀመጥንና ጨመርን። ‹‹ስሟ እንዲገለጽ ያልፈለገች፣ በመጋዘን ክፍል ስድስት ዓመት ያገለገለች የሁለት ልጆች እናት›› አልን። ኤዲተራችን ‹‹አሁን ሰው ሰው ሸተተ›› አለ። ደስ አለን።

መጋዘኑ ውስጥ የሚሠሩት አራት ሰዎች ናቸው። ከአራቱ ሦስቱ ወንዶች ናቸው።

ጋዜጣው ቅዳሜ ወጣ። ሰኞ ጠዋት እትዬ በር ላይ ባጃቸውን ተቀበሏቸው።

ዴድላይን

ያን ዕለት ሐሙስ ማታ አንድ ስልክ መደወል እንችል ነበር። ‹‹እትዬ፣ እንዲህ ብለን ጽፈናል፤ ይታወቅብዎታል?›› ለማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አልደወልንም። ዴድላይን ደርሶ ነበር።

ይህን ቃል ሁላችሁም ትጠቀሙበታላችሁ፤ ባንክም፣ ኤንጂኦም፣ ቴዚስ የሚጽፍ ተማሪም ዴድላይን አለው። የተወለደው ግን እስር ቤት ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን፣ በ1864 እ.ኤ.አ. ጆርጂያ ውስጥ በነበረው የአንደርሰንቪል የምርኮኞች ማጎሪያ፣ ከአጥሩ በስተውስጥ አንድ መስመር ተበጅቶ ነበር። መስመሩን ያለፈ ምርኮኛ ይተኮስበታል። ዴድላይን ያሉት እሱን ነው፤ የሞት መስመር።

እኛ ስንፈራው የኖርነው መስመሩ በእኛ ላይ የተሰመረ መስሎን ነው። ዴድላይን ያለፈ ሪፖርተር ቢበዛ ይቆጡታል፣ ዘገባው ለሳምንት ይተላለፋል። ያን ዕለት ግን መስመሩን ሳያዩት ያለፉት እትዬ ናቸው።

እርማት

በሚቀጥለው ሳምንት ጋዜጣችን ስለዚሁ ዘገባ እርማት አወጣ። የፋብሪካውን ምክትል ሥራ አስኪያጅ ‹‹ሥራ አስኪያጅ›› ብለን ኖሯል። በሳጥን ተከቦ፣ ‹‹አንባቢያንን ይቅርታ እንጠይቃለን›› ተብሎ ታተመ። ሰውዬው ‹‹እሳቸው›› ነበሩ።

እርማት የሚታረመው ስህተት ሲኖር ነው። ስለ እትዬ የጻፍነው ውስጥ ስህተት አልነበረም። መጋዘን ነው የሚሠሩት። ስድስት ዓመት ነው። ልጆቻቸው ሁለት ናቸው። አንድ በአንድ ትክክል ነው፤ ከሥራ ያስወጣቸውም ትክክል መሆኑ ነው። ጋዜጣው ላይ ለዚህ የሚሆን ሳጥን የለም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው በሦስተኛው ሳምንት ሰርቪሱ መመለሱ ነው። ዜና ክፍል ውስጥ ይሄ ‹‹ኢምፓክት›› ይባላል፤ ዘገባው ለውጥ አመጣ ማለት ነው። ተመሰገንን። እውነትም ለሴቶቹ ትልቅ ነገር ነበር፤ በጨለማ ከመሄድ ድነዋል። በዚያ ሰርቪስ ውስጥ ግን አንድ ወንበር ባዶ ነበር።

ስኳርና ቡና ይዘን ቤታቸው ሄድን። ይቆጡናል ብለን ነበር፤ አልተቆጡም። ቡናውን ራሳቸው ቆሉት። እኛ ሦስታችንም አንገታችንን ደፍተን ‹‹እትዬ፣ ስምዎን ግን አልጻፍንም›› አልን። ሌላ የምንለው ስላልነበረን ነው።

‹‹እውነት ነው፣ ስሜን አልጻፋችሁም›› አሉ። ‹‹ስሜን ትታችሁ እኔን ጻፋችሁኝ።››

ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ‹‹ምነው ልጆቼ፣ ደውላችሁ ብታነቡልኝ? መጋዘን የምትለዋን ብቻ አውጡልኝ እላችሁ ነበር›› አሉን።

አንድ ቃል ነበረች። በአማርኛ ‹‹ምንጭ›› የምንለው የሚፈልቅ ውሃን ነው። ከምንጭ ውሃ የሚቀዳ የባላገር ሰው ነገ ተመልሶ ስለሚመጣ ውሃውን አያደፈርስም። እኛ ቀዳን፣ አደፈረስን፣ ከዚያ ‹‹ስም አልጻፍንም›› አልን።

በዚያው ሰሞን ነው መዝገበ ቃላት ያገላበጥነው። ‹‹ዘጋቢ›› የሚለውን ስንፈልግ ‹‹አከማቸ›› የሚለው ወጣ። አራቱን ገጽ ሸምድደን ጨርሰን የሥራችንን ስም ትርጉም አናውቅም ነበር።

በአማርኛ ስንጠይቅ

ሕጉ ምንጭን ይጠብቃል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ጋዜጠኛ ምንጩን አልናገርም የማለት ጥበቃ አለው ይላል። ጥሩ ነው። ግን ሕጉ የሚያስበው አንድ ቀን ዳኛ ወይም ፖሊስ ‹‹ማን ነገረሽ?›› ብሎ እንደሚያስጨንቀን ነው። እትዬን ያጋለጣቸው ማንም ሳይጠይቀን ነው። ከለር ፍለጋ።

ከዚያ ወዲህ ሦስታችንም ደብተራችን ሽፋን ላይ አራት ጥያቄዎች ጽፈን እንዞራለን። አንዳቸውም ከፎቶ ኮፒው የተወሰዱ አይደሉም። ስምዎ ይውጣ ወይስ አይውጣ? የሥራ ቦታዎና ክፍልዎ ይውጣ? ይህን ነገር ከእርስዎ ሌላ የሚያውቁት ስንት ሰዎች ናቸው? ስለ እርስዎ የሚለውን መስመር ከመታተሙ በፊት ላንብብልዎት?

አራተኛዋ ታከራክራለች። ‹‹ዘገባ ለምንጭ አይነበብም፣ ያስለውጣችኋል›› ብለው ነው ያስተማሩን፤ ለባለሥልጣንና ለባለሀብት ዛሬም አናነብም። ግን ሙሉ ዘገባውን አይደለም የምናነበው። ሰውየውን ለይቶ የሚያሳውቀውን ያቺን አንድ መስመር ብቻ ነው። ‹‹ሰርቪሱ ተቋርጧል›› የሚለውን እትዬ አስለውጡን አይሉም ነበር፤ የደመወዝ ወረቀታቸውን ያሳዩን እንዲጻፍ ፈልገው ነው። ሦስተኛዋ ጥያቄ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘገባ አስቀርታብናለች። ‹‹እኔና አለቃዬ ብቻ›› የሚል መልስ ከመጣ ደብተር ይዘጋና ሌላ ማስረጃ ፍለጋ ይኬዳል። ሳምንት ይፈጃል። ስኩፕም አምልጦናል፤ ሌላ ጋዜጣ ቀድሞ ሲያወጣው አይተን ከንፈራችንን ነክሰናል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነገር እንመለስ። ባይላይን ማለት ከጽሑፍ ራስ ላይ የሚቀመጥ የጸሐፊ ስም ነው። በዚህ ጽሑፍ ራስ ላይ ‹‹እኛ›› እንጂ ስም የለም። የሠራነውን ለመሸሸግ ይመስላል፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽም እሱ ሳይኖርበት አይቀርም። ዋናው ግን ሌላ ነው። ስማችን ከወጣ ጋዜጣው ይታወቃል፤ ጋዜጣው ከታወቀ ያ ዘገባ ይገኛል፤ ዘገባው ከተገኘ እትዬ ይታወቃሉ። እሳቸው አሁን ሌላ ቦታ ተቀጥረዋል፤ አዲሱ አለቃቸው ‹‹ለጋዜጣ የምትናገር›› ብሎ እንዲያያቸው አንፈልግም። ፋብሪካ ያልነውም ፋብሪካ ላይሆን ይችላል፤ መጋዘን ያልነው መጋዘን ላይሆን ይችላል። ይህን ጽሑፍ ከመለጠፋችን በፊት ስልክ ደውለን አነበብንላቸው። አንዲት ቃል አስወጡን፤ አወጣናት።

እናንተ ደግሞ፦ አንድ ቀን መቅጃ የያዘ ወጣት መጥቶ ‹‹ስምህ አይወጣም፣ ስምሽ አይወጣም›› ቢላችሁ እዚያ ላይ አታቁሙ። ‹‹ታዲያ ምን ብለህ ነው የምትጽፈኝ?›› በሉት። መልሱን ካላወቀ ገና እየተማረ ነው፤ በእናንተ ላይ አይማር።